አንድ ወረቀት፣ ሁለት ዳይስ፦ ለጀማሪ የሚሆን የሚና ጨዋታ ሕግ አጻጻፍ

የመጀመሪያ ጨዋታዬን ሕግ የጻፍኩት 14 ገጽ አድርጌ ነበር። ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ለአራት ጓደኞቼ አንድ አንድ ኮፒ አደልኳቸው። ማኪያቶው እስኪመጣ ሁለት ገጽ አነበቡ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዷ ስልኳን አወጣች። ሌላው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ቆይ፣ ግን እኛ ምንድነው የምናደርገው?» አለኝ።

መልሱ ወረቀቱ ላይ የለም። ጋሻ ስንት ነጥብ እንደሚቀንስ አለ፣ ፈረስ በአንድ ተራ ስንት ክንድ እንደሚሄድ አለ፣ ሰዎቹ ተቀምጠው ምን እንደሚያደርጉ ግን በ14 ገጽ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ያን ቀን ሳንጫወት ተለያየን።

ያ ሕግ አሁን አንድ ኤ4 ወረቀት ሆኗል። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አይተው የማያውቁ ሰዎች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይገቡበታል። የራሳችሁን ለመጻፍ ካሰባችሁ፣ ከ14 ወደ 1 እንዴት እንደወረደ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ጻፉ

ለማያውቀው ሰው፦ የሚና ጨዋታ ማለት ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ታሪክ በአፋቸው አብረው የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። አንዱ አጫዋች ይሆናል። ቦታውን፣ ዝናቡን፣ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የማይታወቅ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል።

ይኸው ነው። ይህን ከሁሉም በላይ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጡት። የእኔ ወረቀት አሁን የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «አጫዋቹ የሚሆነውን ይነግራችኋል። እናንተ የምታደርጉትን ትነግሩታላችሁ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ እንጥላለን።» ከዚህ በፊት መግቢያ የለም፣ የዓለሙ ታሪክ የለም፣ የነገሥታት ዝርዝር የለም።

ችግሩ የቆየ ነው። የዚህ ጨዋታ አባት የሚባለው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩ። የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ ከሚጫወቱ ሰዎች መሀል የወጡ ናቸው። መጻሕፍቱም ያንን ጨዋታ ለሚያውቅ አንባቢ የተጻፉ ስለነበሩ አዲስ ሰው ብዙ ነገር ይጎድልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ኤሪክ ሆምስ የሚባል ሰው ጨዋታውን ለጀማሪ እንዲሆን አድርጎ እንደገና አዘጋጀው። እኔ የምወድለት መቁረጡን ነው። ገጸ ባህርይ እየጠነከረ ሲሄድ ከሚወጣቸው ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ተወው። ጀማሪ አሥረኛ ደረጃ ላይ ስለሚሆነው ነገር ዛሬ ማወቅ የለበትም።

የእንቆቅልሽ ሕግ የት ነው የተጻፈው?

የትም። ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ገበጣም ሆነ ዳማ፣ ካርታም ሆነ ሉዶ፣ አጠገብ ቁጭ ብለን አይተን ነው የለመድነው። እኛ ጋ ሕግ በጆሮና በዓይን ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ለጆሮ ጻፉ። እያንዳንዱን መስመር ድምፃችሁን አውጥታችሁ ለታናሽ ወንድማችሁ እንደምትነግሩት አንብቡት። አፍ ላይ ከተንቀረፈፈ ጠረጴዛ ላይም ይንቀረፈፋል።

እንቆቅልሽን ደግሞ እንደ ጨዋታ ሠሪ ስታዩት ይደንቃል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ ሁለት ቃል፣ ጨዋታው ተጀመረ፣ የማን ተራ እንደሆነም ታወቀ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያላወቀው ሰው ላይ የሚመጣው ነው። «አገር ስጠኝ!» ይባላል። ጎንደር ይሰጣል፣ አይ አንሶኛል ይባላል፣ ሐረር ይጨመራል። ከዚያ ያሸነፈው እዚያ አገር ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ለተሸነፈው ደግሞ ምን እንደተረፈው እያሳመረ ይናገራል። ልጆች ሆነን አንዳንዴ መልሱን እያወቅን ዝም የምንለው ይህን ለመስማት ነበር። አለማወቅ ጨዋታውን አይዘጋውም፣ እንዲያውም የጣፈጠውን ክፍል ይከፍተዋል።

ሕግ ስትጽፉ ከዚህ የምትወስዱት ይህን ነው። ዳይሱ እምቢ ሲል «አልቻልክም፣ ቀጣይ» ከተባለ ጀማሪው ይደብረዋል፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ዝም ይላል። ስለዚህ ከዳይሱ በኋላ የሚመጣው ነገር፣ ቢሆንም ባይሆንም፣ አዲስ ነገር ማምጣት አለበት።

ዳይሱ

ባለ 6 ጎን ሁለት ዳይስ ተጠቀሙ። ሉዶ ያለው ቤት ሁሉ አለው፣ ሱቅ በደረቴም ይዞት ይዞራል። ባለ 20 ጎኑ ያምራል፣ ግን ሰውየው ቤቱ ሄዶ ለእህቶቹ ሊያጫውታቸው ሲፈልግ ከየት ያመጣል?

ሕጉ ይህን ያህል ነው፦ ሁለቱን ዳይስ ጣሉ፣ ደምሩ፣ የራሳችሁን ቁጥር ጨምሩ።

10 ወይም ከዚያ በላይ፦ ሆነ።
ከ7 እስከ 9፦ ሆነ፣ ግን…
6 ወይም ከዚያ በታች፦ አልሆነም፣ እንዲያውም…

ይህ አደማመር የእኔ ፈጠራ አይደለም፣ ውጭ ብዙ ጨዋታዎች ይጠቀሙበታል። እኔ የጨመርኩት ስሞቹን ነው። መጀመሪያ «ሙሉ ስኬት»፣ «ከፊል ስኬት»፣ «ውድቀት» ብዬ ጽፌው ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት መሰለ። «ሆነ፣ ግን…» ሲባል አጫዋቹ ሳያውቀው ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ ይጀምራል። ቃሉ ራሱ ሥራውን ያስተምረዋል።

ቁጥሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው በግምት የሚጽፈው። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው። ምንም ሳይጨመር 10 እና ከዚያ በላይ የሚመጣው በ6ቱ ብቻ ነው። ከ7 እስከ 9 በ15ቱ፣ ከዚያ በታች ደግሞ በ15ቱ። 1 ሲጨመር 10፣ 16፣ 10 ይሆናል። 2 ሲጨመር 15፣ 15፣ 6። እስከዚህ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ነገር የመምጣት ዕድል አለው። 3 ሲጨመር ግን ከ36 የማይሆነው በ3ቱ ብቻ ነው፣ ያኔ ዳይስ መጣል ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ከ2 በላይ የሚጨምር ነገር አልፈቅድም። አስማተኛ ሰይፍ ቢሆን፣ የንጉሥ ቀለበት ቢሆን፣ 2 ላይ ይቆማል።

ዳይሱ ላይ የሚጨመሩት የገጸ ባህርዩ ቁጥሮች ሦስት ናቸው፦ ጉልበት፣ ብልሃት፣ አንደበት። ተጫዋቹ 2፣ 1 እና 0ን እንደፈለገ ያከፋፍላቸዋል። አንደበትን ያስገባሁት በአዲስ አበባ ስንት በር በጉልበት ሳይሆን በአነጋገር እንደሚከፈት ስለማውቅ ነው።

አንዴ የ12 ዓመት ልጅ የሆነው የአክስቴ ልጅ ሊስትሮ ሆኖ ተጫወተ። ማዘጋጃ ቤት መግባት ፈልጎ ዘበኛው ፊት ቆሟል። «ጋሼ፣ ጫማዎ አቧራ ነክቶታል፣ በነፃ ልጥረግልዎ፣ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ልግባ» አለ። ዳይሱን ጣለ፣ 5 እና 3 መጣ። 8። አንደበቱ 1፣ ተደመረ 9። እኔም ድምፄን አወፍሬ «ግባ፣ ግን ሳጥንህን እዚህ ትተህ ነው የምትገባው» አልኩት። ልጁ ሳጥኑን ሊያስቀምጥ ሲል ቀጥ አለ። በታሪኩ ውስጥ የሚያደርሰው ደብዳቤ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው! ጠረጴዛው በሙሉ ወደ እሱ ዞረ። ያንን ሦስት ሰኮንድ ያህል ዝምታ ያመጣው አንድ ቃል ነው፣ «ግን»።

ተራና ትንፋሽ

ተራ ለጀማሪ ከባድ ነገር ነው፣ መቼ መናገር እንዳለበት ስለሚጨነቅ። እኔ ሰንጠረዥ የሚባለው ጥንታዊው የእኛ ቼዝ ያለውን ዘዴ ወሰድኩ። እዚያ ጨዋታው የሚጀመረው በወረራ ነው። ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ተራ የሚመጣው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። በእኔም ወረቀት «ነገር እስኪከር ተራ የለም። ሲከር ከአጫዋቹ በስተቀኝ ጀምረን እንዞራለን» ይላል።

የሕይወት ነጥብ የሚባለውን ደግሞ ትንፋሽ አልኩት። እያንዳንዱ ሰው ሦስት አለው፣ ፊቱ ሦስት ፍሬ ሽምብራ ይቀመጥለታል። ትንፋሽ ሲቀንስ አንዱን ይበላል። መጻፍና መሰረዝ የለም፣ ማን እንደደከመ ከሩቅ ይታያል። ሦስቱም ሲያልቁ ገጸ ባህርዩ አይሞትም። ከዚያ ትዕይንት ወጥቶ በሚቀጥለው ይመለሳል። አንድን ጀማሪ ገና በሃያ ደቂቃው «ሞተሃል» ብሎ ሌሎቹን እንዲያይ ማስቀመጥ ደግሞ እንዳይመጣ መንገር ነው።

ቋንቋው

ከእንግሊዝኛ ሕግ ሲገለበጥ የማይታይ ችግር አማርኛ ላይ አለ። «ጣል» ልበል ወይስ «ጣዪ»? «ተጫዋቹ ይጥላል» ብዬ ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ሁለቱንም እያደረግሁ በእዝባር ስጽፍ ደግሞ ወረቀቱ ቅጽ መሰለ። አሁን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ለሁሉም የሚነገረው በ«እናንተ» ነው፣ የገጸ ባህርዩ ወረቀት ደግሞ በ«እኔ» ነው፦

«እኔ ______ ነኝ። የምኖረው ______ ነው። ______ አሳምሬ እችላለሁ። ______ ግን እፈራለሁ።»

«እኔ» ሲሆን ወንድና ሴት መለየት አያስፈልግም። ሌላም ጥቅም አለው፣ ሰውየው አራቱን ክፍት ቦታ ሞልቶ ድምፁን አውጥቶ ሲያነበው ገጸ ባህርዩን መሆን ጀምሯል። አራተኛውን አትዝለሉት። «ውሻ እፈራለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ለአጫዋቹ አንድ ሙሉ ትዕይንት ሰጥቶታል።

አክብሮትም አለ። አንድ እሁድ ጎረቤታችን የሆኑ እናት አብረውን ተጫወቱ፣ ገጸ ባህርያቸው የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። የአክስቴ ልጅ «ነይ ተነሽ፣ እንሩጥ!» ሊል ጀምሮ አፉን ያዘ። «አንቺ» ማለት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ላይ አንድ መስመር አለ፦ «ገጸ ባህርይ ገጸ ባህርይን ታሪኩ እንደሚፈልገው ይጠራል። ሰው ሰውን እንደ ወትሮው።» ይህንን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከታላላቆች ጋር ስትጫወቱ ሁሉንም ይፈታል። ለአጫዋቹም መሣሪያ ነው። «እርስዎ» ሲል የነበረ ነጋዴ በመሀል «አንተ» ካለ፣ ነገሩ መበላሸቱን ማንም ሳይነገረው ያውቃል።

ቃላትን አታለዋውጡ። አንዴ «ትንፋሽ» ካላችሁ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ነው፤ «ጉልበቱ ሲያልቅ» ብላችሁ ካሳመራችሁት ጀማሪው ሌላ ነገር መሰለው ማለት ነው፣ በተለይ ጉልበት የሚባል ቁጥር እያላችሁ።

ወረቀቱ

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ስለዚህ እንግሊዝኛው እንደሚያደርገው የሕግ ቃልን በትልቅ ፊደል መለየት አይቻልም። አድምቁት፣ ወይም ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ፊደሉ ከ12 አይነስ፤ «ጸ» እና «ጾ»፣ «ሕ» እና «ሐ» በደከመ ፎቶ ኮፒ አንድ ይሆናሉ። ከበስተጀርባው ግራጫ ቀለም ወይም ሥዕል አታድርጉ። አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ያባዛሁት የመጀመሪያው እትም ግራጫዎቹ ሳጥኖች ጠቁረው ነው የወጡት፣ ያውም የዳይሱ ሕግ ያለበት። የግዕዝ ቁጥር ለርዕስ ያምራል፣ ለሚደመር ነገር ግን 1፣ 2፣ 3 ጻፉ።

ኤ4ዋን ለሁለት እጠፏት። ፊት ለፊት ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች፣ ውስጡ ዳይስና ትንፋሽ፣ ጀርባው ላይ የገጸ ባህርዩ አራት መስመር። በቴሌግራም ለመላክ ከሆነ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ምስል አድርጉት፣ በስልክ ኤ4 ወዲህ ወዲያ እየጎተተ የሚያነብ ሰው የለም።

ጠረጴዛው ላይ

ወረቀቱን መጀመሪያ አታድሉ። ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች በቃላችሁ ተናገሩ፣ አራቱን ክፍት ቦታ ይሙሉ፣ ከዚያ ወዲያው ታሪኩን ጀምሩ። ዳይስ የሚገለጸው የመጀመሪያው ሰው የሚያጠራጥር ነገር ሲሞክር ነው። ትንፋሽ የሚገለጸው አንዱ ሲመታ ነው። እስከዚያ ሽምብራው ለምን እንደተቀመጠ ቢጠይቁም «ቆዩ፣ ይመጣል» በሏቸው።

ቦታው ደግሞ የሚያውቁት ይሁን። የእኔ የመጀመሪያ ታሪክ፣ ባቡሩ ከለገሃር ይነሳ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ደብዳቤ ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ወርዶ ባቡሩ ሳይነሳ መድረስ አለበት። ቁልቁለቱን ማንም ያውቀዋል። ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ ስማቸውን ስትጠሩ ሰዎቹ ራሳቸው ይሞሉታል፣ «እዚያ ጋ በውስጥ መንገድ አለ እኮ!» ይሏችኋል። ስላልነበረ ቤተ መንግሥት ግማሽ ሰዓት ከመግለጽ አዳናችሁ። ሦስት እንቅፋት ይበቃል። እሁድ ከቡና ጋር ከሆነ በአቦል አንዱ፣ በቶና ሁለተኛው፣ በረካ ላይ ባቡሩ። ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ይኖራል፣ ታክሲ ሰልፍ ነው ይላል። ለእሱ «የመጣ ሰው መንገድ ላይ ተገናኝቶን አብሮን ይሄዳል» የሚል መስመር ጨምሩ፤ አራቱን ክፍት ቦታ እየሞላ ይሰማል።

ሞክሩት፣ ዝም ብላችሁ

ሕጉ መጻፉን እንጂ መግባቱን እናንተ አታውቁም። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ወረቀቱን ስጡና ምንም አታስረዱ። ጣቱን ተመልከቱ። አንዷ ጓደኛዬ ስታነብ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። መስመሩ «የባህርይ ማሻሻያውን ውጤቱ ላይ ያካትቱ» ይል ነበር። አልጠየቀችኝም፣ አፍራ ዝም አለች። ያን ማታ «የራሳችሁን ቁጥር ጨምሩ» ብዬ ለወጥኩት።

ሌላ ፈተና ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። አንድ ምሽት ጨዋታው መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስን፣ ሻማው ዳይሱን ለማየት ይበቃል፣ ወረቀት ለማንበብ ግን አይበቃም። ስምንት ጊዜ ያህል ዳይስ ተጣለ፣ ወረቀት የፈለግነው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፦ ገንዘብ የሚቆጠርበት ሕግ ላይ። መብራት ሲመጣ እሱን ሰረዝኩት፣ እስካሁንም ማንም «የት ሄደ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ሲጨርሱ ወረቀቱን ብዙ ጥያቄ ሲጠይቅ ለነበረው ሰው ስጡት፣ በሚቀጥለው ሳምንት አጫዋች እሱ ነው። እናንተ ከተጫዋቾቹ ጋር ተቀመጡ፣ ቢሳሳትም አታርሙት። እስኪርቢቶ ያዙና ከወረቀቱ በተለየ ቃል ያስረዳውን ነገር ብቻ ጻፉ። ሰዎቹ ቶሎ ከገባቸው፣ ለቀጣዩ እትም የናንተን ሰርዛችሁ የእሱን አስገቡ።